በመኮሮኒ ካርቶን ላይ የሰበሰብኳት ቃል

ሩዙ ጥሩ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚያ ቀን ከእጄ እንጂ ከአፌ ምንም ስላልወጣ ነው። ፍሬው ከፍሬው አልተጣበቀም፣ ታቹም አላረረም። ሾርባውም የድንች ጥብሱም ደኅና ነበሩ። ሦስቱ ፈታኞች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ከየሳህኑ ሲቀምሱ አንዱ ለሌላው «እሺ ነው» የሚል ዓይን ሲያሳይ አይቻለሁ።

ፈተናው በመስከረም፣ ደባርቅ ውስጥ፣ ቱሪስት ይዘው ወደ ተራራው የሚወጡ ምግብ አብሳዮች ማኅበር ቤት ነበር። ያለፈ ሰው ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል። የተጻፈ ሰው ተራ አለው፤ ተራው ሲደርስ ድስቱንና ቡታጋዙን በበቅሎ አስጭኖ ይወጣል፣ በእሳቱ ላይ እሱ ነው አዛዡ። እኔ የምፈልገው ይህን ነበር። ሦስት ዓመት የሰው ሳህን አጥቤያለሁ፤ አንድ ቀን ሳህኑን የምሞላው እኔ እንድሆን እፈልግ ነበር። በማኅበሩ ደንብ ሁለት ጊዜ የወደቀ ለሦስተኛ አይቀርብም።

መሀል ላይ የተቀመጠው ፈታኝ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የጠጣ የቀድሞ አስጎብኚ ነው። ማንኪያውን አስቀመጠና «ሃው ሎንግ ዳዝ ዘ ራይስ ቴክ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ራይስ ሩዝ መሆኑን አውቃለሁ። ቴክን ደግሞ በአራተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ፤ መምህራችን ጠመኔ እየዘረጋልን «ቴክ» ሲል፣ እኛም እየተቀበልን «ቴክ» ስንል። ውሰድ ማለት ነው። ታዲያ ሩዝ ምን ይወስዳል? ወይስ ሩዙን አንሺልኝ እያለኝ ነው? ጥያቄውን ደገመልኝ፣ ሠለሰልኝ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ወለሉን አየሁ። በአገሬ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ያላወቀችውን የምትናገር ልጅ ቀላል ናት ትባላለች፤ ዝም ያለች ጨዋ ናት። በዚያ ጠረጴዛ ፊት ግን ጨዋነቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ጻፈ። ከወዲህ ሆኜ፣ ተገልብጣ እያለች፣ አነበብኳት። «አትናገርም» ትላለች።

«እህቴ፣ እጅሽ አልፏል፤ የወደቀው አፍሽ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ከጥምቀት በኋላ እንድመለስ ነገረኝ።

ወደ አክስቴ ቤት ስሄድ ከማልቀስ ይልቅ ስሌት ነበር የያዝኩት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው። ሰባተኛ ክፍል ዳባት ነበር፤ እናቴ ደግሞ ታማ ስለነበር ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፋና ደብተሬን ሰቀልኩ። አሁን ተነሥቼ ቋንቋውን በሙሉ ልወቅ ብል ጥምቀት አይጠብቀኝም። የጣለችኝን ቃል ግን በስሟ አውቃታለሁ። እሷን እይዛለሁ አልኩ። አንዲትን ቃል ጠንቅቆ ማወቅ ሺህ ቃል በስሚ ስሚ ከማወቅ አያንስም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስህተት ሊሆን ይችል ነበር፤ ሌላ መንገድ ግን አልነበረኝም።

በምሠራበት ሆቴል እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ትንሽ መዝገበ ቃላት ነበራት። ሳህን አጥቤ እንደጨረስኩ እጄን በሽርጤ ጠራርጌ ወደ እሷ ሄድኩና አንዲት ቃል እንድታሳየኝ ለመንኳት። ገለጠችው። ቃሏ ገጹን ሞልታ ወደሚቀጥለው ተሻግራለች። እኔ የጠበቅሁት ሁለት መስመር ነበር።

ልጅቷ ፊቴን አይታ ሳቀች። «ይቺን ያገባ ሰው አማች አይጠፋበትም» አለችኝ። ቀጥላም እሷ ራሷ ግማሹን እንደማታውቀው፣ ፈረንጆቹም ቢጠየቁ ሁሉንም እንደማይቆጥሩት ነገረችኝ። በመጨረሻ የመከረችኝ ምክር ግን ትልቅ ነበር፤ ከመጽሐፉ አትሸምድጂው፣ ሰው ሲናገረው ምን እያደረገ እንደሆነ እዪ አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ የመኮሮኒ ካርቶን ቀደድኩ። የውስጡ ፊት ነጭ ስለሆነ ለመጻፍ ይመቻል። ለራሴም ደንብ አወጣሁ፤ በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም። የሰማሁትን በአማርኛ ፊደል፣ አጠገቡም ሰውየው የሚያደርገውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የጻፍኳት ጫማ ናት። ከተራራ የወረደ ሰውዬ የሆቴሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጭቃ የበላውን ጫማውን እየታገለ ለጓደኛው «ቴክ ኦፍ» ሲል ሰማሁት። ቀጥሎ ፎቶ መጣች። ከዚያ ክኒን። ከዚያ የጎንደር አውቶቡስ። ከዚያ በሻይዋ ውስጥ ስኳር የማትፈልግ ሴት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ካርቶኑ ግማሹ ሞላ፤ ምክንያቱም ይህችን ቃል አንዴ ከያዟት በኋላ በየአፉ ትሰማለች።

ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ጫማ እናወልቃለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ክኒን እንውጣለን፣ አውቶቡስ እንሳፈራለን። ለየሥራው የየራሱ ቃል አለን። እነሱ ግን አንዷን ለሁሉም ይልኳታል። ልክ እንደ እኔ ናት። በዚያ ሆቴል ሳህን ሲቆሽሽ እኔ፣ ሽንኩርት ሲላጥ እኔ፣ ውሃ ሲጠፋ እኔ፣ አንሶላ ሲሰጣ እኔ እጠራ ነበር። ይህን ካሰብኩ በኋላ ቃሏን መፍራት ተውኩ። የምትላክበት ሥራ ምን እንደሆነ ከአጠገቧ ያለው ይነግራል፤ አንቺ ወደ ጓዳ ስትባዪና ወደ ጓሮ ስትባዪ ሥራሽ እንደሚለየው ማለት ነው።

«ሃው ሎንግ» ብሎ ከጀመረ ስለ ሰዓት ነው። ይህን የያዝኩት አስጎብኚው ለእንግዶቹ ከደባርቅ ቡይት ራስ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲነግራቸው ነው። ሩዙ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ነበር የተባልኩት። መልሱን ከማንም በላይ የማውቀው ጥያቄ! ያን ቀን ሳህን እያጠብኩ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ትንሽም አነባሁ።

መጻፍ ቀላል ነው። ከባዱ ሁለተኛው ደንቤ ነበር፤ በሳምንቱ የጻፍኩትን በሳምንቱ ለአንድ ሰው መናገር። መጀመሪያ ለሳህን ማጠቢያው ሳፋ ተናገርኩ። ቤት ስገባ ለግድግዳው። አክስቴ ልብስ እየሰፋች ታዳምጠኝ ኖሯል፤ ግድግዳው መልስ ሲሰጥሽ ጥሪኝ አለችኝ። ከዚያ አንድ ማለዳ ወለል ወልውዬ ሳልጨርስ አንድ ሽማግሌ እንግዳ እርጥቡን ደረጃ ሊወርድ ሲጣደፍ አየሁት። ወድቆ ከማየው ብዬ «ቴክ ዩር ታይም» አልኩት፤ ቀስ ይበሉ ለማለት። ቆመ፣ ደረጃውን አየ፣ መደገፊያውን ይዞ ወረደና አመሰገነኝ። እኔ ግን መወልወያዬን ጥዬ ወጥ ቤት ገብቼ ተደብቄ ነበር።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ሌሊቱን በመኪና ስትጓዝ ያደረች ሴት ስታዛጋ አይቼ «ቴክ ስሊፕ» ብያት ግር ብሏት አየችኝ። እንግዳ ተቀባይዋ እንዲህ አይባልም አለችኝ። ለምን እንደማይባል እሷም አታውቅም። ካርቶኑ ላይ በከሰል ሰረዝኩት፣ ከሥሩም «ሳላይ ጻፍኩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደንቤን የጣስኩት ራሴ ነበርኩና።

ኅዳር ተጋምሶ የነቢያት ጾም ገብቶ ሳለ አንድ ምግብ አብሳይ ወደ ሆቴላችን ወጥ ቤት መጣ። ረዳቱ ለውቂያ ወደ አገሩ ወርዶበታል፤ በማግስቱ አራት እንግዶች ይዞ ይወጣል። ሽንኩርት የምትከትፍ፣ ወሬ የማታበዛ ሰው እፈልጋለሁ አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። በዝምታዬ ተመርጬ ወጣሁ።

ሰውዬው በሥራው የተከበረ፣ ጾሙን የሚጠብቅ፣ ቁጡም ነበር። ጋሼ እለው ነበር። የጨው ልኩ መዳፉ ነው፤ በመዳፉ ይዘግናል፣ ያያል፣ ይጨምራል። ለእንግዶቹ የሚሠራው ዶሮ፣ ቅቤና ወተት ያለበት ስለሆነ በጾም አይቀምስም። መዳፉ ግን ስቶ አያውቅም ይሉ ነበር። በዚያ ጉዞ የሳተው ጨው በመለወጡ ነው። ሁልጊዜ የሚይዘው ሸካራውን ጨው ነበር፤ በዚያ ሳምንት ከገበያ ጠፍቶ በላስቲክ የታሸገውን እንደ ዱቄት የላመ ጨው ገዛ። የላመ ጨው መዳፍ ውስጥ ብዙ ይገባል።

ሳንቃ በር በሚባለው ማደሪያ በመጀመሪያው ቀን ያቀረብነው ሾርባ ተመለሰ። አስጎብኚው ምግቡ እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቃቸው አራቱም «ጉድ፣ ጉድ» ብለው ነበር፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ጋሼም በዚህ ተጽናና። እኔ ግን ሳህን አጣቢ ነኝ። አጣቢ የሰውን አፍ አትሰማም፣ ሳህኑን ነው የምታነበው። አራቱም ሳህን ከሁለት ማንኪያ በላይ አልተነካም ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኩት። በማግስቱ ግጭ ላይ ጨው ቀነሰ፣ አብዝቶ ቀነሰ። ድንቹም ዶሮውም ውሃ ውሃ እያለ ተመለሰ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ዳቦና ሻይ ብቻ ይዛ አደረች።

በሦስተኛው ቀን ጨነቅ ስንደርስ ሴትዮዋ እግሯ እየተሳሰረ ነበር። አስጎብኚው ወጥ ቤት ብለን ወደያዝነው ጎጆ መጥቶ፣ ዛሬም ካልበላች ነገ እንድትወርድ መኪና አስጠራለሁ፣ ምክንያቱንም ለማኅበሩ እጽፋለሁ ብሎ ሄደ። ምክንያቱ ማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

ድስቱ ተጥዷል። ዶሮው ይንተከተካል። ጋሼ የላመውን ጨው መዳፉ ላይ ይዞ ቆመ፤ መዳፉን ማመን አቅቶታል። አስጎብኚው ጾመኛ ነው፣ በቅሎ ነጂዎቹ ጾመኛ ናቸው፣ ጠብመንጃ ይዞ የሚጠብቀን ሽማግሌው ስካውትም ጾመኛ ነው። ጾሙን የማይጠብቅ ቢኖርም እንኳ በእነዚህ ሁሉ ፊት የዶሮ መረቅ አይልስም።

ስካውቱ እሳቱን እየሞቀ፣ «ይህን ያህል ሰው ሆነን ለአንድ ማንኪያ የሚሆን ምላስ ታጣ» አለ።

ያን ጊዜ ነው ያሰብኩትን ያወጣሁት። እንግዶቹን እናስቀምሳቸው አልኩ። ከመቅረቡ በፊት፣ ድስቱ እንደተጣደ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። ነገሩ ለእሱ ነውር ነበር፤ እኔም ነውርነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። በእኛ አገር መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ምግብም እንዲሁ ነው። እንግዳ ያለቀለት ነገር ይቀርብለታል እንጂ ድስት ሥር ተጠርቶ ጨው አይጠየቅም።

«ያልቀመስሽውን ለሰው አፍ ልትሰጪ?» አለኝ።

«ሁለት ቀን የሰጠነው እኮ እሱን ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ በፊት ለታላቅ እንዲህ መልሼ አላውቅም። ስካውቱ ጉሮሮውን ጠረገና እሳቱን አየ። ጋሼ መዳፉ ላይ የያዘውን ጨው ወደ ላስቲኩ መለሰው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሂጂ ጠይቂ፣ ግን ከተቀየሙ እኔ አልላክሁሽም፣ ነገሩም ማኅበሩ ጆሮ ይደርሳል፣ ያኔ ለጥምቀቱ ፈተና ባትለፊ ይሻልሻል አለኝ። ፈተናዬን ያውቅ ኖሯል።

ከመረቁ በስኒ ቀድቼ፣ ማንኪያ ይዤ፣ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ብርዱ ግን ከጅባራ ዛፎቹ በኩል መምጣት ጀምሯል። ሴትዮዋ ድንኳኗ ደጃፍ ላይ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ስኒውን ስታይ እጇን አወዛወዘች፤ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም ማለቷ ነው። እዚያው ብመለስ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ጠየቅኋት፣ እምቢ አለች ብል እውነት ነው። እግሬም ዞሮ ነበር።

ከዚያ ፈታኙ ወረቀቱ ላይ የጻፋት ቃል ታየችኝ።

ተመለስኩና ተንበረከክሁ፤ ቆሜ ከላይ መናገር ስለከበደኝ ነው። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሳሁ። ጾም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ባለችኝ ቃል ሄድኩ።

«ፕሊዝ። ዊ ዶንት ቴክ ሚት። ኖ ሚልክ። ኢት ቴክስ ፎርቲ ስሪ ዴይስ» አልኳት፤ ሥጋና ወተት አንወስድም፣ አርባ ሦስት ቀን ይፈጃል ማለቴ ነው። ወደ ጎጆው፣ ወደ በቅሎ ነጂዎቹ፣ ወደ ስካውቱ በጣቴ አሳየኋት፤ ሁላችንም። ምላሴን ነክቼ እጄን አወዛወዝኩ። ከዚያ ማንኪያውን ዘረጋሁላት። «ፕሊዝ ቴክ ዋን። ሶልት፣ አይ ዶንት ኖው።» ጨዉን አላውቀውም።

ጣቴ ወዳሳያት ሁሉ አየች። ሲገባት ዓይኗ ተለወጠ። የሁለቱን ቀን ምግብ እያስታወሰች ይመስለኛል፣ በረጅሙ ሳቀች፤ የሚያሳፍር ሳቅ አልነበረም። ማንኪያውን ተቀብላ ቀመሰችና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጋጥማ ትንሽ ጨምሪ አለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ተነሥታ ተከተለችኝ።

ጎጆው ውስጥ ስትገባ ጋሼ ኮፍያውን አወለቀ። ሁሉም ብድግ አለ። ሴትዮዋ ድስቱ አጠገብ ቆመች። እኔ ቆንጥሬ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ቀመሰች። እንደገና ቆንጥሬ ጨመርኩ። በሦስተኛው ማንኪያውን ሳትመልስ ያዘችውና ደግማ ጨለፈች።

«ምን አለች?» አለ ጋሼ።

«ምንም አላለችም። እየበላች ነው።»

በዚያ ምሽት ሳህኖቹን ጋሼ ራሱ ነበር የተቀበላቸው። አንድ በአንድ ወደ ፋኖሱ እያቀረበ አያቸው። አራቱም በዳቦ ተጠርገዋል። ለሴትዮዋ የሚሄደውን ሻይም እኔ ሳልሆን እሱ ይዞ ሄደ። በማግስቱ መኪና የጠራ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እስክንወርድ ድረስ ማታ ማታ ምግብ ሲደርስ ሴትዮዋ ሳትጠራ ትመጣና ማንኪያዋን ትጠይቀኝ ነበር። እኔም በመጣች ቁጥር የምትለውን እየጻፍኩ ካርቶኔን ሞላሁ። ጾም ምን እንደሚባል ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ ያን ግን በሌላ ገጽ ነው የጻፍኩት።

ጥምቀት አልፎ ለፈተና ስቀርብ ፈታኞቹ በየተራ የሚቀያየሩ ስለሆኑ ከሦስቱ አንዱ ጋሼ ሆኖ አገኘሁት። ሰላምታዬን ሲቀበል እንደማያውቀኝ ሰው ነበር። ሩዝ፣ ሾርባና ድንች አቀረብኩ። ቀመሱ፤ ጾም አልነበረምና ሦስቱም ቀመሱ። መሀል ላይ የተቀመጠው የቀድሞው አስጎብኚ የመስከረሙን ወረቀት አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «እጇ ጥሩ። አትናገርም።»

ጋሼ ድንቹን እያኘከ፣ «ትናገራለች» አለ። ዋጠና ጨመረበት። «ለታላቅም ትመልሳለች።»

ሦስተኛው ፈታኝ ሳቀ። አስጎብኚው አልሳቀም። ወረቀቱን አስቀምጦ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው አነጋገር ጠየቀኝ። ሳልረሳው እንደቆየሁ ያወቀ አይመስለኝም። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እጄ ወደ ጫፉ ሄደና መለስኩት።

«ሂር፣ ኢት ቴክስ ትዌንቲ ሚኒትስ» አልኩ። እዚህ ሃያ ደቂቃ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ጥያቄው ተመልሷል። ግን መልሱ ገና አልተፈጸመም ነበርና ቀጠልኩ። ጨነቅ ላይ ከሠላሳ በላይ ይፈጃል፣ ከፍታው ላይ ውሃው ቶሎ ቢፈላም ሩዙ ቶሎ አይበስልም አልኩ፤ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ አልቻልኩትም፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጄ ጨረስኩት።

አስጎብኚው ወደ ጋሼ ዞረና እውነት እንደሆነ ጠየቀው። ጋሼ ሠላሳ አምስት ነው አለ። እኔ ሠላሳ ሁለት ነው አልኩ፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ከተጫነበት። ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠና አየኝ።

«ድንጋዩን ረስቼው ነበር» አለ።

አስጎብኚው ወረቀቱን አዙሮ በባዶው ፊት ጻፈ። ረጅም ጽሑፍ ስለነበር በዚህ ጊዜ ተገልብጦ ማንበብ አልቻልኩም። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መጻፌን የነገረኝ ሳህኖቹን ሰብስቤ ላጥብ ስነሳ ነው። ተዪው፣ ሌላ ሰው ያጥበዋል አለኝ። እኔ ግን አጠብኳቸው። ምን ያህል እንደበሉልኝ ከሳህኑ ማየት ፈልጌ ነበር።